ቀጥ ያለ እሾህ

ቲርዛ ጎሎፕ የመንደራችንን ዘር የምትይዝ ሴት ነበረች። እኛ ሰመርሴት በምትባለው አውራጃችን የምናመርተው ኮሸሽላ የእሾሁ ጫፍ ወደ ታች የተቆለመመ ነው፤ ፋብሪካ ወስደው በሱፍ ጨርቅ ላይ ሲያስኬዱት ክሩን ሳይበጥስ ለስላሳ ጠጉር ያስነሳል። በየቦዩ ዳር የሚበቅለው የዱሩ ግን እሾሁ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጨርቅ አይዝም። ሁለቱ ተቀራርበው ካበቡ ንቦች ያዳቅሏቸውና ዘሩ ይበላሻል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ አበባው ሳይፈነዳ ሁሉም ማጭዱን ይዞ የራሱን ቦይና አጥር ያጠራል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ተራ በተራ "የኔ ንጹህ ነው" እንባባላለን። ማንም ሄዶ አያይም፤ ቃል ይበቃናል።

ባሏ ሲላስ በሞተበት ዓመትም ቲርዛ "የኔ ንጹህ ነው" አለች። ከመኝታ ቤቷ መስኮት ስር ግን አንድ የዱር ኮሸሽላ ቆሞ ነበር። ሲላስ ከጦር ሜዳ የተበላሸ ሳንባ ይዞ ተመልሶ አልጋ ላይ ከዋለ ከርሞ ነበር። ዘሩን ሊለቅሙ የሚመጡትን ፊተ ቀይ ወፎች ማየት ነበር የቀረው ደስታ።

"እሷን አትቁረጪብኝ" አላት።

"ዘሩስ?"

"አንዲት ኮሳሳ ኮሸሽላ ማን ያገባታል ብለሽ ነው?" ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ።

ተወችለት። ይህንን ለኔ የነገረችኝ ብዙ ቆይታ ነው። ለሌላ ሰው አላወራችም።

ኮሸሽላ የሚደርሰው በተዘራ በሁለተኛው ዓመት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የታየው ሲላስ ከተቀበረ፣ ወፎቹም ከተረሱ በኋላ ነበር። ለጨርቅ ፋብሪካው የሚገዛው ሰው መጥቶ ምርታችን ወደተከመረበት መጋዘን ገባ። እንደ ልማዱ ንጉሥ የምንለውን ትልቁን የኮሸሽላ ራስ አንስቶ በኮቱ እጅጌ ላይ ሳበው። ተንሸራተተ። ሌላ አነሳ፤ እሱም ተንሸራተተ።

"ይሄ ጀርባ ለማከክ ይሆን እንደሆን እንጂ" አለና ኮፍያውን አድርጎ ሳይገዛ ወጣ።

የሁላችንም ማሳ የተዘራው ከቲርዛ ዘር ነበር። የሷን የዘር ማሳ የሚያዋስነው ደግሞ ጆብ ሄምብሮ ነው፤ ሚስት የለውም፣ የፖም ጠላ ይወዳል።

"አንተ ጆብ፣ ማጭድህን ለጠላ ሸጥከው እንዴ?" አለው ወንድሜ።

"ቦዬን አጥርቻለሁ።"

"ያጠራኸውስ ጠርሙሱን ነው።"

ሰው ሳቀ። ጆብ ወደ ቲርዛ ዞረ። "አንቺ ጎረቤቴ ነሽ፤ ሳጭድ አይተሽኛል። ንገሪያቸው።"

ቲርዛ የሽርጧን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል ነበር። "እኔ የሰው ቦይ አላይም" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆብ ብቻውን አረመ፣ ብቻውን አጨደ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እሱ በተቀመጠበት ወንበር ሰው አይቀመጥም። ቲርዛም መክሳት ጀመረች። መንገድ ላይ ሲመጣ ካየችው ጫማዋን ለማሰር ታጎነብሳለች፤ ጫማዋ ማሰሪያ የሌለው ነበር።

በቀጣዩ ሐምሌ እንደ ልማዳችን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆመን ቃል ተለዋወጥን። የጆብ ተራ ሲደርስ ወንድሜ ሆን ብሎ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

"የኔ ንጹህ አልነበረም" አለች ቲርዛ።

"ምን አልሽ?"

"ሲላስ የሞተ ዓመት። መስኮቴ ስር አንድ የዱር ቆሞ ነበር። እያወቅሁ ንጹህ ነው አልኳችሁ። ጆብ አጥርቷል፤ ሲያጭድ አይቻለሁ።"

ከአንገቷ እስከ ግንባሯ ቀላች። ወንድሜም መሬት መሬት አየ።

"ሲላስ ለምኖሽ ነው?" አላት ጆብ ቀስ ብሎ።

"እኔ ነኝ የዋሸሁት።"

ጆብ ሌላ አልጠየቃትም፤ ምሬሻለሁም አላላትም። ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

ዘር መያዝ ለጆብ ተሰጠ። ሚያዝያ፣ የመዝሪያው ጊዜ፣ ሲመጣ ቲርዛ ሰው ሁሉ ዘሩን ወስዶ እስኪጨርስ ትጠብቅና ጎድጓዳ ሳህን ይዛ የጆብ በር ላይ ትቆማለች።

"ግቢ እንጂ" ይላታል።

"እዚሁ ይሻለኛል።"

ሞልቶ ይሰጣታል። እሷም ሳህኑን በሻሏ ሸፍና፣ ከአጥር ወዲህ የቆምነውን እኛን ሳታይ ታልፋለች።