በሩን መኝታ ቤቷ ያቆመችው አከራይ

ልብስ ሰፊዋን የሰፈሩ ሰው «እትዬ ብሎን» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ደላላው ነው፤ ደላላ መቼም አፉ አያርፍም። እሷም አልተቀየመችውም። ግቢዋ ውስጥ ያለችውን አንዲት የኪራይ ክፍል ሰው በለቀቀ ቁጥር ካቻቢቴዋን ይዛ የበሩን ማጠፊያ ብሎኖች ትፈታለች። በሩንም እየጎተተች መኝታ ቤቷ ወስዳ ግድግዳ ታስደግፈዋለች። አዲስ ተከራይ የመጀመሪያ ወር ኪራዩንና ማስያዣውን አሟልቶ ሲያስረክባት በሩ ይገጠማል። ከዚያ በፊት ሚኒስትር ቢመጣ አይገጠምም።

ዕብደት የሚመስለው የደረሰባትን ለማያውቅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አነጋገሩ የጣመ ሰው የማስያዣውን ሩብ ሰጥቶ፣ «ቀሪውን አርብ» ብሎ፣ አንድ ፍራሽ አስገባና በሩ ላይ የራሱን ቁልፍ አንጠለጠለ። ያ አርብ ስምንት ወር ፈጀ። ሕግ እናውቃለን የሚሉት ሁሉ ዕቃ ያለበትን ክፍል ሰብረሽ ብትገቢ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ አሏት። ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቿ አንዱን ሸጣ በላች። ያም ሲያልቅ ታናሽ ወንድሟ ቤት ገባች። በእንግድነት የሄደች መስሏት ነበር። ሳምንት ሳይሞላት ልጆቹን የምታጥበውም፣ ምግብ የምታበስለውም እሷ ሆና አረፈችው፤ ደጅ ለመውጣት እንኳ የወንድሟን ሚስት ፊት ማየት ነበረባት። በስምንተኛው ወር ሰውየው ፍራሹን አውጥቶላት ቤቷ ስትመለስ፣ ከእንግዲህ ከዚህ ግቢ የምወጣው በቃሬዛ ነው ብላ ማለች።

ዘንድሮም ክፍሉ ከተለቀቀ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ስፌቱም ቀዝቅዟል። ወንድሟ አዛኝ ሆኖ አንድ ባለ ከረባት የሥራ ባልደረባውን ላከላት። ሰውየው ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ክፍሉን አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ወደደው። ማስያዣ ሲባል ግን አንዴ ኔትወርክ የለም፣ አንዴ ባንኩ ተዘግቶብኝ ነው ይላል። በመጨረሻ የባንክ ደረሰኝ ፎቶ በስልኩ አሳያት። መነጽሯን አድርጋ አየችው። ቀኑ የአምና ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ የጫነ መኪና ደጇ ላይ ቆመ። ጋቢና ውስጥ ባለ ከረባቱና ወንድሟ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ተሸካሚዎቹ አልጋውን ይዘው ሲገቡ ልብስ ሰፊዋን ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች የክፍሉ መግቢያ ላይ ቆማ አገኟት።

«በሩስ?» አለ ባለ ከረባቱ ከጋቢናው ወርዶ።

«ተኝቷል። ክፍያው ሲገባ እቀሰቅሰዋለሁ።»

ተሸካሚዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ሰውየው ዕቃው ይግባና ሌላው ይደርሳል ሲል፣ እሷ ግራና ቀኝ መቃኑን ይዛ መተላለፊያ አሳጣቻቸው። ወንድሟም ወረደ።

«እታለም፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። እኔ ዋስ አለሁለት አይደል?»

«ዋስ ከሆንክ ክፈልለትና አሁኑኑ ልግጠመው።»

የወንድሟ እጅ ወደ ኪሱ ሄደና እዚያው ቀረ። ባለ ከረባቱን አየው፤ ባለ ከረባቱ መሬት መሬቱን ያያል። ያኔ ገባት። ወንድሟ ሰውየውን አሳምሮ ያውቀዋል። በራሱ ገንዘብ የማያምነውን ሰው እሷ በጣራዋ እንድታምነው ይዞላት መጥቷል።

ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመክራት ጀመር። ብቻሽን አትችይውም፣ ቤቱን ቆልፊና እኛ ጋ ነይ፣ ሚስቴም ሥራ ልትጀምር ነው፣ ልጆቹ ሰው ይፈልጋሉ አላት።

«ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። እዚህ አምጣቸውና ይዋሉ» አለችው። «እኔ ግን ከቤቴ ንቅንቅ አልልም።»

«በዚህ አመልሽ ማን ይከራይሻል? ባዶውን ይቀራል።»

«ይቅራ። ባዶውም የኔ ነው።»

ተሸካሚዎቹ ማንም ሳያዛቸው አልጋውን መልሰው ጫኑ። ወንድሟ ሳይሰናበታት ከባለ ከረባቱ ጋር ጋቢና ገባ። ለሚቀጥለው ወር የምትበላውን አታውቅም። ቢሆንም መኪናው መንገዱን እስኪታጠፍ ድረስ አልተቀመጠችም።