ልክ ያለፈ መዋጮ

ለተጊዮርጊስ በአሥራ አምስት ዓመቷ ከእንጦጦ ዳገት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ ስትወርድ ወድቃ ጭኗ ተሰበረ። እናቷ ለሐኪም የሚከፈል አጥታ የሰፈሩን ሰው በየበሩ ለመነች። ልጅቱ ዳነች፤ እግሯ ግን ትንሽ አጠረ። ከስብራቱ ይልቅ የቆረቆራት፣ «እኛ ነን ያሳከምንሽ» እያሉ ውኃ የሚያስቀዷት ጎረቤቶች ነበሩ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እሷም ጠጉሯ ሸብቶ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር የሚኖሩ ሰዎች ለሕክምና የሚሆን ማኅበር ሲያቋቁሙ ገንዘብ ያዥ አደረጓት። መዋጮው ለአንድ ቤት በወር ሁለት ብር ነው። ልክ ያለፈ ገንዘብ ዓመቱ ሳያልቅ ለባለቤቱ ይመለሳል።

አንድ ነሐሴ ሒሳብ ሲዘጋ የቀጀላ ቤት እጥፍ ከፍሎ ተገኘ። ቀጀላ ሾላ ገበያ እህል ይነግዳል። ሰብሳቢው ዓለሙ በየወሩ ከሱቁ ሲቀበል፣ የቀጀላ ሚስት ኢፍቱ ደግሞ ይህን ሳታውቅ ለለተጊዮርጊስ ስትከፍል ኖራለች።

ዓለሙ ደስ አለው።

«አየሽ? ሰው አራት ብር መክፈል ይችላል። ይቀመጥና ከመስከረም ጀምሮ ለሁሉም አራት እናድርገው።»

«ቀጀላ ይችላል። እንጨት ተሸካሚዋ ሀይማኖትስ?»

«ያልቻለ ይወጣላ!»

ለተጊዮርጊስ የማኅበሩን ሳጥን ከፈተች። ትርፉ ሳጥኑ ውስጥ እስካለ ድረስ ዓለሙ ለጉባኤው የሚያሳየው ማስረጃ አያጣም። ብሩን ቋጥራ ወደ ቀጀላ ሱቅ ወረደች።

ቀጀላ ቋጠሮውን ሲያይ ከዱካው ተነሣ።

«እትዬ፣ እሱንስ አልነካም! ለበሽታ የወጣ ገንዘብ ቤት ከተመለሰ በሽታውን ይዞ ይመጣል።»

«ይኸው ይዤው መጣሁ፤ ምን ሆንሁ?»

«የእርስዎ እጅማ ጠበል የለመደ ነው።»

ኢፍቱ ከጆንያዎቹ ኋላ ሳቀች። «በሽታ ብር የሚከተል ቢሆን ሀብታም ሁሉ አልጋ ላይ በቀረ! ወዲህ ይበሉኝ እትዬ፤ በሽታው ለእኔ ይሁን፣ ጫማ እገዛበታለሁ።» ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ቀጀላ። ግን አልቀማትም።

እሑድ በጉባኤው ዓለሙ ነገሩን አነሣ። ለተጊዮርጊስ «ትርፍ የለም፤ ለባለቤቱ ተመልሷል» አለች። ቀጀላም የሚስቱን አዲስ ጫማ እያየ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ዓለሙ ቢከራከርም የሚደግፈው አጣ፤ መዋጮው በሁለት ብር ጸና። በኅዳር ሀይማኖትን የሳንባ ምች ጣላት፤ ማኅበሩ አሳከማት።

ለተጊዮርጊስ ካረጀች በኋላ፣ በማኅበሩ ከሠራችው ሁሉ የትኛው እንደሚበልጥባት የሚጠይቋት ነበሩ።

«ሀይማኖት ከሐኪም ቤት ስትመለስ ማንንም እጅ አልነሣችም» ትላለች። «እንደ ሁላችን ሁለት ብሯን ከፍላ ነበራ!»