በአንጋጫ ብርድ የዘገየው የሠርግ ቆጮ

ጉራ እንዳይመስልብኝ ብዬ ይህን ነገር ሳላወራው ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን ይምሰል። ሆሳዕና ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ፤ ከምዕራፎቹ ሁሉ የምወደው ደግሞ የአፀግብሮት ፍጥነትን፣ ነገር ከነገር ተገናኝቶ የሚለወጥበትን ፍጥነት ነው። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ከአቧራ በቀር ብዙ ነገር ስለሌለ በእንቁላል ቅርፊትና በአቼቶ አስተምራለሁ። አንዱን ቅርፊት እወቅጠዋለሁ፣ አንዱን እንዳለ እተወዋለሁ፤ አንዱን ብርጭቆ አሞቃለሁ፣ ሌላውን አቀዘቅዛለሁ። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ የትኛው ቶሎ አረፋ እንደሚደፍቅ ሲያዩ ግን ከኋላ ወንበር ተነስተው ይመጣሉ።

እናቴ የዳምቦያ ልጅ ናት፤ ቆጮ በማዘጋጀት የሚያክላት የለም ሲባል ነው ያደግነው። አባቴ ንግዱን ወደ አንጋጫ ሲያዞር ቤተሰቡም አብሮ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ታናሽ እኅቴ ታጨች፤ ሽማግሌዎችም ሠርጉ ከአረፋ በዓል በኋላ ይሁን ብለው ቆረጡ። እናቴ እንሰቱን አስፍቃ፣ በኮባ ሸፍና ጉድጓድ ውስጥ ቀበረችው። መቼ እንደሚደርስ የገመተችው ግን በዳምቦያ ልማዷ ነበር። አንጋጫ ደጋ ነው፤ መሬቱ እንደ ዳምቦያ አይሞቅም። ቦታ የቀየረ ሰው እጁ ቶሎ አይለምድም፣ ሌላ ጥፋት አልነበራትም።

ሠርጉ ሲቃረብ ጉድጓዱን ከፍታ ስታይ ቃጫው ገና ድርቅ ያለ፣ ሽታው ጥሬ። ወዲያው ደወለችልኝ።

«ጉድ ሆኛለሁ ልጄ፤ ቆጮው አልደረሰም።»

«ከገበያ እንግዛ እንዴ?» አልኳት፣ መልሷን እያወቅሁ።

«በልጄ ሠርግ የገበያ ቆጮ! በየት ፊቴ ነው ከሰው ጋር የምቀመጠው?»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ የሙሽራ እናት የምትመዘነው በቆጮዋ ነው፤ እኅቴ የምትገባበት ቤት ደግሞ ፎንቆ ነው፣ አማቷም ምላሷ ምሕረት የሌለው ቀማሽ ናት ተብሎ ተነግሮናል።

ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ አንጋጫ ወጣሁ። ለሠርጉ የሚበቃውን ብቻ እናውጣና ሌላው ይቆይ አልኩ። ያወጣነውን እንደገና እንድንከትፈው ጠየቅሁ፤ በደቀቀ መጠን እርሾው የሚያገኘው ገጽ ይሰፋል። ከጎረቤት የቆየ ጉድጓድ ደህና እርሾ ለምነን ጨመርን። እርሾ በመጽሐፉ ቋንቋ ካታሊስት፣ ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር፣ አይባልም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ካታሊስቱ ያለው በውስጡ ባሉት ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ሆድ ውስጥ ነው። ይህን ለእናቴ ሳስረዳ «ሆድ ካላቸውማ ይብሉ» አለችና ቢላዋዋን አነሳች።

የተጣላነው በሙቀቱ ነው። እኔ ምድጃው አጠገብ ይሁን አልኩ፤ እሷ ጭስ ይገባዋል፣ ደግሞም አብዝቶ ከሞቀ ይበላሻል ብላ አሻፈረኝ አለች። ሁለታችንም ልክ ነበርን። በመጨረሻ በኮባ ደራርበን ጠቅልለን፣ ከምድጃው ግድግዳ ጀርባ፣ ሙቀቱ በሚደርስበት ጭሱ በማይደርስበት ጥግ አስቀመጥነው። ወደ ሆሳዕና ከተመለስኩ በኋላ በየማለዳው ስልኬ ይጮኻል፤ ስለ ሙሽራዋ ሳይሆን ስለ ቆጮው ነው የምናወራው። አንድ ጠዋት «መኮምጠጥ ጀመረ!» ብላ ስትጮህ ክፍል ልገባ በር ላይ ነበርኩ፤ ጠመኔዬ ከእጄ ወደቀ።

የሠርጉ ዕለት ቆጮው ነጭ፣ ልስልስ ብሎ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር ቀረበ። አማቲቱ ቆርሰው አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ደግመው ቆረሱ። እናቴ ነጠላዋን ይዛ እንደቆመች ቀረች።

«ይሄ የቆየ ነው» አሉ አማቲቱ፣ ለሴቶቹ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። «ሁለት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።»

እኛ አገር ለባለቆጮ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። እናቴ ፈገግ ብላ ብታልፍ ይበቃ ነበር፤ ማንም አይጠይቃትም፣ ስሟም በፎንቆ ገበያ ሁሉ ይነሳ ነበር። እኔም ዝም እንድትል በዓይኔ ለመንኳት።

«የለም፣ የዘንድሮ ነው» አለች። «የአንጋጫ ብርድ ይዞብኝ ነበር። ለሠርጉ ያደረሰችው ይህቺ ልጄ ናት፤ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት።» ከዚያ ክንዴን ይዛ ሴቶቹ ሁሉ እንዲያዩኝ ወደ መሃል አወጣችኝ።

ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ እንኳ እንደዚያ ቀጥ ብዬ አልቆምኩም።