ጎርፍ ተከትሎ የወጣው መምህር

ዛሬ ጠዋት «መምህር ደረጀ አረፈ» ሲሉኝ «የቱ ደረጀ?» አልኩ። በእኛ አገር ከአንድ በቀር ደረጀ የሚባል መምህር እንደሌለ እያወቅሁ።

ደሴ ለሕክምና ከሄደ ሦስት ሳምንቱ ነው። ባለፈው ሐሙስ ደውሎልኝ ነበር። «እማማ ዘይነባ፣ የድንጋዩ ካብ እንዴት ሆነ?» ይለኛል፣ የራሱን ሕመም ትቶ። «አንተ መጀመሪያ ራስህን አስታም!» ብዬ ተቆጣሁት። ሳቀ። እንዲያ የሳቀ ሰው ሞተ ሲሉኝ እንዴት ብዬ ልመን?

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት አስተምሯል። የእኔ ማሳ ከትምህርት ቤቱ ግርጌ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር የግቢው ጎርፍ ወርዶ አፈሬን ይጠርገው ነበር። ለስንቱ አቤት ብዬ ሰሚ አጣሁ። ባሏ የሞተባት፣ ፊደል የማታውቅ ሴት ብትጮህ ማን ይሰማታል? ልጅ ሳለሁ አባቴ ወንድሞቼን ትምህርት ቤት ሲሰድ እኔን «አንቺ ጥጃ ጠብቂ» አለኝ። እሱንም እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም። ስለዚህ ወደዚያ ግቢ የምሄደው ለጠብ ብቻ ነበር።

ደረጀ በመጣበት ዓመት፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ማሳዬ ሲታጠብ አይቼ በሩ ላይ ቆሜ ጮህኩ። «አንተ መምህር! ጎርፍህን ያዝልኝ!»

የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ «ደብተር ዝጉ፤ ውሃው የት እንደሚሄድ ሄደን እንይ» አላቸው።

ልጆቹ ጭቃ እየረገጡ፣ ከክፍሉ ጣሪያ ሥር ጀምረው፣ ጎርፉን ተከትለው ማሳዬ ድረስ ወረዱ። የተነቀለውን ገብሴን ሲያዩ ጎንበስ ብለው ከጭቃው ያነሱት ጀመር። አንዷ ልጅ ጭቃውን ተጠይፋ ስትቆም «ንኪው፤ አይነክስም» አላት። ይህችን ቃል ያልሰማ የእሱ ተማሪ የለም። ለትሉም፣ ለእበቱም፣ ለሒሳቡም «ንኩት፤ አይነክስም» ነበር የሚለው።

ከዚያ እርከን እንሥራ አሉ። ገመድ ዘርግተው፣ ለክተው፣ በደብተር ጽፈው፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ የድንጋይ ካብ ካቡ። እኔ ቆሜ ሳቅሁባቸው።

«ምን ያስቅዎታል?» አለኝ።

«ይሄ ካብ ለፎቶ ነው የተሠራው፤ አንድ ዝናብ አይችልም። መሠረቱ አልተቆፈረ፣ ድንጋዩ ወደ ዳገቱ አልተጋደመ።»

«እንግዲያው ያስተምሩና።»

«እኔ? ፊደል የማላውቀው?»

«ድንጋዩስ ያውቃል እንዴ?»

ልጆቹ አሽካኩ። እኔም በንዴት ድንጋይ አነሳሁ፤ ልወረውረው ሳይሆን ላሳያቸው።

ያንን ካብ አፍርሰን እንደገና ሠራነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የደቦ ቀን ሆነ። ወላጅ ከልጁ ጋር ይመጣል። ልጆቹ ይለካሉ፣ ጎርፍ ያመጣውን አፈር በጣሳ ይሰፍራሉ፣ ይጽፋሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ በዱዓ ተጀምሮ በምርቃት ይዘጋል። በድንበር ተጣልተን ስድስት ዓመት ያላነጋገርኳት ጎረቤቴ ሀዋ እንኳ አንድ ቅዳሜ ከጎኔ ቆማ ድንጋይ አቀበለችኝ። «ይሄ አይሆንም፣ ሌላ አምጪ» አልኳት። እርቃችን ያ ነው።

እኔን ደግሞ በመዝገብ ያዘኝ። የሚያስተምሩ ወላጆች የሚፈርሙበት ነበረው። አውራ ጣቴን ስዘረጋ ቀለሙን ሸሸገው። «አስተማሪ በጣት አይፈርምም» አለኝ። ሰድቤው ሄድኩ። በሳምንቱ ተመልሼ ከአንደኛ ክፍል ልጆች መሃል ተቀመጥኩ። እርሳሱን ስፈራው እነዚያ ሸይጣኖች ባንድ ድምፅ «ይንኩት እማማ፤ አይነክስም!» አሉኝ። ስሜን ለመጻፍ አንድ ወር ፈጀብኝ። ይህን የምታነቡትንም የጻፍኩት ራሴ ነኝ።

ዛሬ ግቢው ውስጥ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ርእሰ መምህሩ ተነሡ። «የቅዳሜው ሥራ ተተኪ መምህር እስኪመጣ ይቁም» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ኃላፊነቱን ፈርተው ነው። ግን ዝናቡ ደርሷል። በላይኛው በኩል የካቡ ሆድ ተነፍቷል። ሳይጠገን ከከረመ ይናዳል፤ እሱ ከተናደ ሰዉም ይበተናል። የእኛን ጠባይ አውቀዋለሁ፤ አንዴ የተውነውን መልሰን አንይዝም።

የሚናገር ሰው ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ።

«ተተኪ እስኪመጣ እኔ አለሁ» አልኩ።

«እማማ፣ ብቻዎን?» አሉኝ።

ሀዋ ከኋላ «ብቻዋንማ ከተውናት ድንጋዩንም ስትሰድበው ትውላለች!» አለች። በለቅሶ መሃል ሳቅ ሆነ። ከዚያ አንዱ «ዶማ ከእኔ» አለ። አንዷ «ትንንሾቹን እኔ እይዛለሁ» አለች። ርእሰ መምህሩ ዓይናቸውን ጠርገው «በሉ እሺ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት» አሉ።

ደረጀ ልጄ፣ እኔ በሰው ሁሉ ላይ ቂም የምቋጥር ሴት እንደሆንኩ ታውቃለህ። ባንተ ላይ የቋጠርኩት አንድ ብቻ ነው፤ ከእኔ መቅደምህ። እሱንም ፈትቼልሃለሁ። ፈጣሪ ነፍስህን በጀነት ያኑራት። እናትህን አብሽሪ እንላታለን፤ ብቻዋን አትሆንም።

ነገ ከደሴ ሲያመጡህ አፈር እናለብስሃለን። ብዙ እንዳላለቅስ አትታዘበኝ፤ ቅዳሜ ሥራ አለብኝ።