ተልባና ሰም የጠጣው እስክሪብቶ

በደርግ ጊዜ ቢቸና ውስጥ የወይራ እስክሪብቶ እየቀረጽኩ እሸጥ ነበር። አንድ ዓመት የሞጣ ካድሬዎች ለመሠረተ ትምህርት ሽልማት ብለው ከእኔ ገዙ። ክረምቱ ሲወጣ "ሞጣ ትፈለጋለህ" የሚል መልእክት መጣብኝ። የእስክሪብቶዎቹ ቅብ ተላጦ አሻጥር ሠርተሃል ሊሉኝ ነው ብዬ ብርድ ልብሴን ጠቀለልኩ። ስንቅ የቋጠርኩት ግን ለሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ካሰሩኝ መንግሥት ያብላኝ ብዬ።

ሞጣ ስደርስ ያስጠራኝ ካድሬ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። አንዱን እስክሪብቶ በጥፍሩ እየፋቀ፣ "ምን ቀብተኸው ነው?" አለኝ።

"የተልባ ዘይት ነው፣ ጓድ። ስስ አድርጌ እቀባና ሲደርቅ እደግመዋለሁ። መጨረሻ ላይ መቅረጫው ላይ እያሽከረከርኩ የንብ ሰም በጨርቅ አሸዋለሁ፤ ሲግል ሰሙ እየቀለጠ ያበራል።"

"ቫርኒሽ የለበትም?"

"የለበትም። ቫርኒሽማ በእጅ ላብ ይላጣል።"

"እውነትህን ነው። ክረምቱን ሙሉ ጻፍኩበት፤ ጭራሽ አልደበዘዘም።"

ይህን ብሎ ተነሣና በሩን ከውስጥ ቆለፈው። ከቁም ሣጥኑ ኋላ በቀይ የሰልፍ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ሲያወጣ ጠመንጃ መሰለኝ። ጨርቁን ሲገልጠው መቋሚያ ነው፤ ያረጀ፣ የደበዘዘ የቄስ መቋሚያ።

"የአባቴ ነው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መሪጌታ ናቸው። ለጥምቀት እንደ እስክሪብቶው አብራልኝ፤ ለማንም ግን እንዳትተነፍስ!"