የሚያስለቅሰው ለምሳ ሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ ሚዛን ገበያ ጎደሬ ስመርጥ አንዲት ሴት ከኋላዬ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ፊቷን እስክለየው ትንሽ ቆየሁ። ወርቄ ነበረች፤ በወጣትነቴ ቡና ስለቅም አጠገቤ ትቀመጥ የነበረች የቤንች ሴት። ከተያየን ብዙ ዓመት ሆኖናል። ጤናዬን እንኳ ሳትጠይቅ፣

«ያቺ ልጅ ከአባቷ ጋር ታረቀች?» አለችኝ።

«የቷ ልጅ?»

«የመጽሐፉ ልጅ። መጨረሻውን ስታነቢ እኔ አራስ ነበርኩ። ሲነግሩኝ አንዷ ታረቀች ትላለች፣ አንዷ አልታረቀችም ትላለች።»

«ታርቀዋል» አልኳት። «አባትየው ራሱ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ነው የመለሳት።»

«ተመስገን» አለችና ደህና ደህናውን ጎደሬ ትመርጥልኝ ጀመር።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ነገሩ ሲጀመር መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን አቋርጬ ከጅማ በኩል በመጡ ነጋዴ፣ በሐጂ ከማል የቡና መጋዘን ለቀማ ገባሁ። ሥራው ከባድ አይደለም። ሰፌድ ጭንሽ ላይ አድርገሽ ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው መለየት ነው። እጅ ይሠራል፤ ልብ ግን ቁጭ ብሎ ይሰለቻል።

የእኔ ልብ ሌላ ቦታ ነበር። ያኔ የወጣቶች ልብ ወለድ ፍቅር ይዞኝ ነበር። ንጉሥና ጦርነት የሌለባቸው፣ እንደ እኔው ዩኒፎርም የሚለብሱ፣ ፈተና የሚፈሩ፣ ከአባታቸው ጋር የሚጣሉ ልጆች የሚገኙባቸው አዳዲስ መጻሕፍት ነበሩ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ መናኸሪያው አጠገብ ያለች አንዲት ሱቅ ታከራያቸዋለች። በብዙ እጅ ስለሚያልፉ እኔ ጋ ሲደርሱ ጥጋቸው ለስልሶ የወጥና የጋዝ ሽታ ነበራቸው። ያንን ሽታ እወደው ነበር። እናቴ፣ «መጀመሪያ ውዳሴ ማርያምሽን፣ ከዚያ ውሸትሽን» ትለኝ ነበር። በዚያው ቅደም ተከተል አነብ ነበር።

አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ አብረውኝ ለሚለቅሙት ሴቶች ከሰላማዊት ታሪክ ትንሽ አወራሁላቸው። ሰላማዊት ለመማር ስትል ከአባቷ የተጣላች የአንድ ልብ ወለድ ልጅ ናት። በማግስቱ ገና ቁጭ ሳልል ወርቄ፣ «መጽሐፉን አላመጣሽም?» አለች። ሳመጣው ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ ካነበብኩ አልለቅምም። ሴቶቹ ግን ወዲያው መላ አገኙ። እያንዳንዷ ከለቀመችው አንድ እፍኝ እያነሳች እኔ ሰፌድ ላይ ትጨምርልኝ ጀመር። አማርኛው የሚከብዳቸው ነበሩና ሌሎቹ በቤንችኛና በከፋኛ በሹክሹክታ ይተረጉሙላቸዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቤ እጠብቃለሁ። ሹክሹክታው ሲያልቅ እቀጥላለሁ።

ኅዳር ገባ። የተራራው ጉም በጠዋት እስከ መጋዘኑ በር ይወርዳል፤ ግቢው ከነገለባው በተሰጣ የጀንፈል ቡና ሽታ ይሞላል። እኛም ከሰላማዊት ጋር ነበርን።

አንድ ጠዋት ካቦው ጋሼ ተሰማ ጆንያ ጎትተው ገቡና ፊታችን ዘረገፉት። ከገዢ የተመለሰ ቡና ነበር። በደህናው መካከል ጥቁር ፍሬ ተበትኗል።

«ይኸው የመጽሐፋችሁ ፍሬ» አሉ። «ጆሯችሁን ለተረት ሰጥታችሁ ዓይናችሁ ታወረ።»

ሐጂ ከኋላቸው ቆመው ነበር። የቁጣ ሰው አልነበሩም፤ ሲቆጡም ድምፃቸው ዝቅ ነው የሚለው። «አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እኔ መጽሐፍ አልጠላም። ስሜ ከዚህ ጆንያ ጋር ነው የሚሄደው። የሚቀጥለው መኪና እስኪጫን እታገሣለሁ። ያኔ ጥቁር ከተገኘ ንባቡም ይቀራል፣ አንቺም ሌላ ሥራ ትፈልጊያለሽ።»

እናቴና ታናናሾቼ በዚያ ለቀማ ነበር የሚኖሩት። መጽሐፉን አጥፌ ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩት።

ወርቄ ናት ቀድማ የተናገረችው። «ጋሼ ተሰማ፣ እርስዎም እኮ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ነበር» አለች።

«እኔ የቆምኩት ለቁጥጥር ነው።»

«አዎ፣ ሰላማዊትን ሲቆጣጠሩ ነበር።»

ተሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ጆንያዎቹ ላይ የተሞሉበት ቀን በከሰል ይጻፍ ነበር። ሄጄ አየሁት፤ ረቡዕ ይላል። ረቡዕ ያነበብነው የሰላማዊት እናት የሞተችበትን ምዕራፍ ነው። ያን ቀን መጋዘኑ እንዴት እንደነበር አስታወስኩ። ሴቶቹ ሁሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ እጃቸው ግን ሥራውን አላቆመም ነበር። በእንባ ውስጥ ጥቁሩም ደህናውም አንድ ነው። ጆሯቸው አልነበረም ጥፋተኛው። ሲደሰቱና ሲጓጉ፣ ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን ሲሉ፣ እንዲያውም ወሬና መውጣት መግባት ትተው ያለወትሯቸው አጥርተው ይለቅሙ ነበር። ያጠፋው ልቅሶው ነው።

ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ቀድሜ እቤት አነብና የሚያስለቅሰውን ለይቼ እመጣለሁ። በሥራ ሰዓት የሚያስቀውንና የሚያስጨንቀውን አነባለሁ። ልቅሶው ጋ ስደርስ፣ «ይሄ ለምሳ ሰዓት» ብዬ እዘጋለሁ። ያጉረመርማሉ። «ሞተ እንዴ? እሱን ብቻ ንገሪን» ትላለች አንዷ። አልነግርም።

የነቢያት ጾም ስለነበረ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ እነሱ ሰፌዱን አስቀምጠው ቆጮአቸውን፣ የተቀቀለ ጎደሬያቸውን በዳጣ ሲበሉ፣ እኔ አፌ ባዶ ነው፤ አነባለሁ። ዳጣው ያቃጠለውና ታሪኩ ያስለቀሰው አይለይም ነበር። እንባቸውን ጠርገው፣ ፊታቸውን ታጥበው ወደ ሰፌዳቸው ይመለሳሉ።

መኪናው የሚጫንበት ቀን ደረሰ። ሐጂ ራሳቸው መጡ። ጆንያ አስፈትተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡና ከሥር ዘግነው ሰፌድ ላይ በተኑት። ጣታቸውን በፍሬው መካከል አመላለሱ። ጋሼ ተሰማ ሌላ ጆንያ ፈቱ። ቀጥሎ ሐጂ ከጥግ የነበረውን ራሳቸው መርጠው አስመጡ። እኔ በልቤ «እመቤቴ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ሐጂ ቀና አሉ። «አንድም የለም» አሉ በዝግታ። «ተሰማ፣ አንተ ታያለህ?»

ጋሼ ተሰማ ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው ፈለጉ። «የለም» አሉ በመጨረሻ።

«ምን አድርጋችሁ ነው?»

ነገርኳቸው። ሐጂ እየሰሙኝ ጢማቸውን ዳሰሱ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እንግዲህ ልቅሶም ሰዓት አለው» አሉ። «አንብቢ ልጄ። ማንም አያስቆምሽም።»

መጋዘኑ በእልልታ ተናወጠ። ውጭ ጆንያ የሚጭኑት ወንዶች ሰርግ መስሏቸው እየሮጡ ገቡ።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሐጂ አልሄዱም፤ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ያነበብኩት ሰላማዊት ለአባቷ ሳትነግር አውቶቡስ የተሳፈረችበትን ነበር። ስጨርስ ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ነበር። «አቧራ ነው» አሉ። ወርቄ ዳጣዋን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችና፣ «በዚህ ያሳብቡ ሐጂ፣ እኛም በሱ ነው የምናሳብበው» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ቡና አድርሶ የሚመለስ ሾፌር ለመጋዘኑ አዲስ መጽሐፍ ሳይዝ አልመጣም። ሐጂ ናቸው ያዘዙት። የወጣቶች ይሁን ብለዋል፤ የሽማግሌ ታሪክማ የራሴ ይበቃኛል ብለው።

ልብ ወለድ ልጆችን ያበላሻል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አልከራከራቸውም። እግዚአብሔር ለእኔ እንጀራዬን ያጸናልኝ በዚያው ነው።

ወርቄን ባገኘሁ ማግስት፣ እሁድ፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ የዚያን ጊዜ ሰዎች በስማቸው እያነሳሁ አመሰገንኩ። ሐጂን አነሳሁ፣ ጋሼ ተሰማን፣ እናቴን፣ ወርቄን። ከነሱ መካከል የሰላማዊት ስም ሳላስበው ከአፌ ወጣ። በሕይወት ያልነበረች ልጅ ናት፤ አውቃለሁ። ስሟን ከመካከላቸው ላወጣው አሰብኩና ተውኩት።