ከአቦምሳ ያመጣኋቸው አሥራ ሁለት ዘንጎች

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከአዳማ ወደ አቦምሳ የተነሣሁት ለአባቴ የፍላጻ እንጨት ለመምረጥ ነው። አባቴ አናጢ ነው። ወንበርና አልጋ እየሠራ አሳደገን፤ ቀስት መሥራት ግን ከአያቴ የወረሰው ሙያው ነው። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ቢንያም የሚባል የቀስት ስፖርት አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሱቃችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቀስት አየ። የሰው ቁመት የሚያህል ረጅም ቀስት ከአሥራ ሁለት ፍላጻ ጋር አዘዘ። «ይህ ከተሳካ ለተማሪዎቼ ሁሉ የሚሠሩልኝ እርስዎ ነዎት» አለው። ቅዳሜ ይመጣል። ቀስቱ አልቋል፤ የቀረው ፍላጻው ነበር።

አባቴ ራሱ እንዳይሄድ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ አስጠናኝ።

«አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ዘንጉን ከጫፉ እዪው፤ እንደ ተወጠረ ክር ይሁን። የእንጨቱ ጅማት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሂድ፤ በጎን የሚወጣውን ተዪው። ከዚያ በሁለት እጅሽ ትንሽ አጉብጠሽ ልቀቂው፤ ሁሉም በእኩል ጉልበት ይመለስ። አሥራ ሁለት ጎበዝ አልፈልግም። አሥራ ሁለት ወንድማማች ነው የምፈልገው።»

በመንገድ ላይ

ሚኒባሱ ለመሙላት አንድ ሰዓት ፈጀበት። አጠገቤ ሁለት ዘንቢል የያዙ ሴትዮ ተቀመጡና አንዱን ዘንቢል ጭኔ ላይ አደረጉት። ከባድ ነበር። በሁለት እጄ አቀፍኩት።

ወለንጪቲን ስናልፍ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በግራና በቀኝ ተዘርግቶ ታየ፤ በመሃሉ ግራር ብቻ አለ። ዋናውን መንገድ ከለቀቅን በኋላ አቧራው በመስኮት ይገባ ጀመር። የሽንኩርት እርሻዎች አለፉ፤ ጆንያው መንገድ ዳር ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። አዋሽን ተሻገርን። ውኃው ቡና አይነት ቀለም ነበረው።

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን አዳማ ረስተሽው ነው?» አሉኝ ሴትዮዋ። «ባል ልታዪ ነው እንዴ የምትሄጂው?»

«አይ እትዬ፣ እንጨት ልመርጥ ነው።»

«እንጨት! አዳማ እንጨት አለቀ?»

ከኋላ የተቀመጠ ሰውዬ «ባልም እንጨትም በደንብ ካልታየ ያው ነው!» አለና መኪናው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን ጋለ። ዘንቢሉን እስክንደርስ ድረስ ይዤላቸው ሄድኩ።

አቦምሳ

አራት ተኩል ላይ ደረስን። እዚህ ነፋሱ ከአዳማ ይልቅ ይቀዘቅዛል። መናኸሪያው አጠገብ ጨጨብሳ በሻይ በላሁ፤ መቶ ብር ከፈልኩ። ከዚያ ባጃጅ ይዤ አባቴ ወደ ነገረኝ ሰው ቤት ሄድኩ። ኦቦ ቱፋ በወጣትነታቸው የጦር ዘንግ ይሠሩ ነበር። አሁን ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ የጥድ ምሰሶ እየገዙ ይፈልጡና ለመጥረጊያና ለመቆፈሪያ እጀታ ይሸጣሉ። አባቴ ስልክ ደውሎላቸው ቀጫጭኑን ለይተው አስቀምጠው ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ? ደኅና ነሽ ልጄ? የአናጢው ልጅ ነሽ አይደል? ነይ፣ ጥላ ስር ግቢ።»

«ደኅና ነኝ አባባ። እርስዎ ደኅና ነዎት?»

አርባ ያህል ዘንግ በምንጣፍ ላይ ዘረጉልኝ። ጥዱ ገና እንደ ተቆረጠ ይሸታል። አንድ በአንድ እያነሣሁ በአንድ ዓይኔ አየሁ፣ ጅማቱን በጣቴ ተከተልኩ፣ አጉብጬ ለቀቅሁ። ቀስ እያልኩ ነበር፤ ግን እጄ ነገሩን እየለመደው መጣ። ሰባተኛውን ለብቻ ሳስቀምጥ ሰባቱም በእጄ ላይ አንድ ነበሩ። እንደዚያ ቀን በሥራ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኦቦ ቱፋ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ።

«ልጄ፣ በዚህ አያያዝሽ እዚሁ ልታድሪ ነው። የአዳማ መኪና ሰባት ሰዓት ካለፈ አይገኝም። ቆይ፣ እኔ ልርዳሽ።»

እጃቸውን ሰደው አምስት ዘንግ አነሡ። «ይኸው ብረት! ይህ የሚሰበር ይመስልሻል?» ወፈር ያሉ፣ ድርቅ ያሉ ነበሩ። ለጦር የለመደ እጅ ጠንካራውን ይመርጣል። ስቀበላቸው አንዱን ትንሽ ለማጉበጥ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ከአምስቱ ደግሞ የሁለቱ ጅማት መሃል ላይ ሲደርስ በጎን ሲወጣ አየሁ። በዓይኔ አየሁ።

«አባባ…» አልኩ።

አልሰሙኝም። አሥራ ሁለቱን በልጥ አስረው ተነሡና እጃቸውን ዘረጉ። ስመርጥ ሊያዩ የመጡት ጎረቤቶቻቸውም ተነሡ።

«ቀስቱ ዒላማውን ይምታ! የአባትሽ ዓይን ይብራ! ሥራው ይባረክ!»

«አሜን» አልን።

የአንዱን ዘንግ አርባ ብር ነው ያሉኝ፤ የአምስቱን ግን «የኔ ስጦታ ነው» ብለው አልቀበል አሉ። የተመረቀ እስር እንዴት ይፈታል? የአዛውንት ስጦታስ እንዴት ይመለሳል? ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ወደ ቤት

መኪናው ሲወርድ እስሩን በሁለት ጉልበቴ መካከል ይዤ፣ ይህን ባልኳቸው፣ ያንን ባልኳቸው እያልኩ መጣሁ። አዳማ ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር።

አባቴ ወዲያው ልጡን ፈታ። ሰባቱን እያጎበጠ ለቀቀ፤ ፊቱ በራ። ስምንተኛው ላይ እጁ ቆመ።

«ይህን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ አባዬ።»

«ታዲያ?»

«መርቀው አሰሩልኝ… አፈርኩ።»

ዘንጉን ለብቻ አኖረው። «የመረቁት አንቺን ነው እንጂ እንጨቱን መች ነው? ብትነግሪያቸው እየሳቁ ይለውጡልሽ ነበር።»

ዓርብ ቀኑን ሙሉ አምስቱን በመላጊያ ሊያሳሳ ሞከረ። ሁለቱ ጅማታቸው በወጣበት ቦታ ተሰነጠቁ። ሦስቱ ሲሳሱ ጎበጡ።

ቅዳሜ ቢንያም መጣ። ቀስቱን ስቦ አደነቀ። ፍላጻዎቹን ቆጠረ፤ ሰባት ነበሩ።

«አባባ፣ አሥራ ሁለት አልነበር የተባባልነው?»

«ነበር ልጄ። ዓይኔ አሳሳተኝ፤ አምስቱ ተበላሹብኝ።»

እኔ የሻይ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አባቴ ወደ እኔ አልዞረም። ቢንያም የአባቴን ዓይን አየት አደረገና በትሕትና «ችግር የለም፣ እኔ የፋብሪካ ፍላጻ አለኝ» አለ። የቀስቱን ዋጋ ከፍሎ ወሰደው። ስለ ተማሪዎቹ ሲጠየቅ «እደውላለሁ» አለ። ሦስት ወር ሆነው፤ አልደወለም።

ይሉኝታ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ኦቦ ቱፋን ላለማስቀየም ዝም አልኩ፤ የቸሩኝን ስጦታ የማይረባ አደረግሁት። ሰው ፊት ላለማፈር ዝም አልኩ፤ አባቴ የእኔን ጥፋት በዓይኑ ላይ ጫነ። ለመናገር የሚያስፈልገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ዘግይቼም ቢሆን እዚህ ልጻፈው። ቢንያም፣ የአባቴ ዓይን አላሳሳተውም፤ እንጨቱን አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።